ጋሽ ማነው ወደ ባሕር ወረዱ

ሰውየው ስም አላቸው፤ መታወቂያቸው ላይ ተጽፏል። በሰፈራቸው ግን በዚያ ስም የሚጠራቸው ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ሁሉም «ጋሽ ማነው» ነው የሚላቸው። በራቸው ሲንኳኳ «ማነው?» ይላሉ። «እኔ ነኝ» ሲባሉ «እኔ ማነው?» ይላሉ። ስም ሲነገራቸው ደግሞ «የማን ልጅ?» ብለው ይቀጥላሉ። ሟች ባለቤታቸው እንኳ ከገበያ በተመለሱ ቁጥር እንደ ባዳ ደጅ ቆመው ይመረመሩ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ላያቸው ላይ እየወረደ «ማነው?» ቢሏቸው፣ «ስታገባኝ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት!» ያሉት እስከ ዛሬ ይወራል።

ሥራቸው ቁልፍ መቅረጽና መጠገን ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ማዶ፣ አንድ ሰው ብቻ በምታስቆም የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሲሞርዱ ኖረዋል። ግድግዳው ላይ በገዛ እጃቸው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው ጽፈዋል። ይህ ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለእሳቸው የንግድ ፈቃድ ነው። ሰው ሁሉ ቢተማመን ቁልፍ ማን ያሠራል?

ሁለት ሕግ አላቸው። አንደኛው፣ ባለቤቱ አጠገባቸው ሳይቆም የማንንም በር አይከፍቱም፤ አልቅሶ የለመናቸውንም ሰው ቢሆን። ሁለተኛው ሕግ የአፍ ነው። የሚያምኑትን ሰው «አንተ» ይሉታል፣ የሚጠረጥሩትን «እርስዎ»። አንቱታ በሌላው ዘንድ ክብር ሲሆን በጋሽ ማነው ዘንድ ጓጉንቸር ነው። የቁልፍ ቅርጽ በሳሙና አትሞ የመጣውን አንድ ጎረምሳ «እርስዎ፣ የማን ቤት ነው ይሄ?» ቢሉት ሳሙናውን ጥሎ እግሬ አውጪኝ ብሏል።

የሴት ልጃቸውንም ባል «እርስዎ» ነው የሚሉት።

ለዚህ ምክንያት አላቸው። ልጅቱ ትምህርቷን ጨርሳ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ደንበኛ ታስተናግድ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ቀጭን መካኒክ አንዲት የሣጥን ቁልፍ ይዞ መጥቶ አስቀረጸ። ብዙም ሳይቆይ ያችኑ ቁልፍ ይዞ መጣ። ደግሞ መጣ። ስንቱን ሌባ በዓይኑ ብቻ ያወቁት ጋሽ ማነው ደማቸው ፈላ። አንዲትን ቁልፍ ደጋግሞ የሚያስቀርጽ ሰው ወይ ሣጥኑ የራሱ አይደለም፣ ወይ ጭንቅላቱ የራሱ አይደለም። ልጁ ደጃፉ ላይ ለተቀመጠችው እንጂ ለቁልፍ እንደማይመጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ፊት ለፊት ያለው ጫማ ጠጋኝ እንኳ ልጁ ብቅ ሲል መዶሻውን አስቀምጦ ትርዒቱን ያይ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ጋሽ ማነው ነገሩን የሰሙት ልጅቱ ራሷ «ላገባው ነው» ስትላቸው ነው። እሺም እንቢም አላሉም። ሠርጉ ልጁ ሥራ ባገኘበት በባሕር ጠረፍ ከተማ ሊሆን ቀን ሲቆረጥ ግን ጉልበታቸውን አመማቸው። መንገድ አልችልም አሉ። ያ ጉልበቱን ያመመው ሰው በዚያው ሳምንት የሱቁ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲመታ ታይቷል።

ከሠርጉ ወዲህ ልጅቱ መደወሏን አላቋረጠችም። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «እሱስ?» «እሱም ደህና ነው።» ይህ ሁሉ ደህንነት ለጋሽ ማነው አልዋጥ አላቸው። በዕድሜያቸው ሁሉም ነገር ደህና የሆነበት ቤት አይተው አያውቁም። በመጨረሻ «እስቲ መጥቼ ልይሽ» አሉ። 

«አሁን አትምጣ አባዬ» አለች። «የወበቅ ወራት ነው፣ አትችለውም። ሲቀዘቅዝ ትመጣለህ።»

ጋሽ ማነውን «አትምጣ» ማለት ቲኬት ቆርጦ እንደመላክ ነው። ሲቀዘቅዝ የሚታይ፣ ሲሞቅ የማይታይ ምን ነገር ቢኖር ነው? ሌሊቱን ሲያወጡ ሲያወርዱ አደሩና ጠዋት የመሥሪያ ቦርሳቸውን ከልብሳቸው ሥር ሸጉጠው ተነሡ። ሱቁን አደራ የሰጡት ለጫማ ጠጋኙ ነው። ለእሱም የልባቸውን አልደበቁትም፤ «ልጄን አይቻት እመጣለሁ» አሉት። «አንድ የማይሆን ነገር ካገኘሁ ግን እጇን ይዤ ነው የምመለሰው።»

አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ጨርሶ ሜዳው ላይ ሲደርስ በመስኮቱ የሚገባው አየር የፈላ ድስት ሲከፈት ፊት የሚመታው እንፋሎት ሆነ። ተሳፋሪው ሁሉ ልብሱን ማውለቅ ጀመረ። ጋሽ ማነው ኮታቸውን አላወለቁም፤ ኮቱን ያወለቀ ሰው ኪሱን አስረከበ ማለት ነው። ላቡ ከአንገታቸው ተነሥቶ በጀርባቸው ወርዶ ካልሲያቸው ውስጥ እስኪገባ ታገሡት።

ልጃቸው ማቆሚያው ላይ ቆማ ትጠብቃቸዋለች፤ መንገድ ላይ ሆነው ነው የደወሉላት፣ ለመዘጋጀት ጊዜ እንዳታገኝ። አቅፋ ሳመቻቸው። ከስታለች። ይህን አንድ ብለው ያዙ። ከኋላዋ አማቻቸው ብቅ አለና «እንኳን ደህና መጡ አባባ» ብሎ እጁን ዘረጋ። ሲጨብጡት ደነገጡ። ግድግዳው ሳይቀር በሚያልብበት በዚያ አገር የሰውየው እጅ ይቀዘቅዛል።

«እጅዎ ምነው?» አሉት።

«ከሥራ በቀጥታ መጥቼ ነው፤ በረዶ ፋብሪካ አይደለሁ? ለዓሣ ጀልባዎቹ በረዶ እንሠራለን» አለ እየሳቀ።

መልሱ መልስ ነው። ግን ፈጣን ነው። ጋሽ ማነው ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ መልስ አይወዱም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ያዩት ከተማ የባሰ አስደነገጣቸው። በር የሚባል ነገር ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መኖሪያው፣ ልብስ ሰፊው ቤት፣ መድኃኒት ቤቱ፤ ሁሉም በድንጋይ ወይም በውሃ ጀሪካን ተደግፎ ክፍቱን ቆሟል። አንድ ባለ ሱቅ ባንኮኒው ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል፤ ዕቃው ሁሉ ሜዳ ላይ ነው።

«እዚህ አገር ሌባ የለም እንዴ?» አሉ።

«ሞልቷል» አለች ልጃቸው። «በዚህ ሰዓት ግን እሱም ይተኛል።»

ቤቱ ጠባብ ነው፤ አንድ ኮሪደርና ግራ ቀኝ ክፍሎች። እዚያም በሩ ሁሉ ክፍት ነው። ጋሽ ማነው ፊታቸውን ሊታጠቡ መታጠቢያ ቤት ገብተው እንደ ልማዳቸው በሩን ሲስቡ ልጅቱ ከማዕድ ቤት ጮኸች። «አባዬ! በሩን አትዝጋው! መጋረጃውን ብቻ ሳበው!»

«ለምን?»

«በዚህ ወራት በር አይዘጋም። ወበቅ ነዋ!»

ለነፋሱ ይሆናል ብለው መጋረጃውን ሳቡ። ሰው ባለበት ቤት በመጋረጃ ተከልለው የታጠቡት ግን ከወተት ጥርሳቸው በኋላ ይህ መጀመሪያቸው ነበር፣ ሳሙናውንም በቅጡ አላስለቀቁት።

መኝታቸው ሳሎን ሶፋው ላይ ተነጠፈላቸው። ቅር አላቸው፤ እንግዳ ነኝ ብለው ዋጡት። ዓይናቸው ግን ከሶፋው ላይ ሆኖ ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ያይ ነበር። በመጨረሻው ላይ አንድ በር አለ። ከቤቱ በሮች ሁሉ የተዘጋው እሱ ብቻ ነው።

ልጅቱ ዞር ስትል ሄደው መረመሩት። የዚህ ቤት የውጪ በር ቁልፍ በማንኪያ ይከፈታል፤ ሲገቡ አይተውታል። እዚህ የተዘጋው በር ላይ ያለው ቁልፍ ግን ከባድ የነሐስ ቁልፍ ነው፣ እሳቸው ራሳቸው በሱቃቸው ለጌጥ ሰቅለው ለማንም የማይሸጡት ዓይነት። ይህም ይሁን። ከቁልፉ ከፍ ብሎ ደግሞ የብሎን ጫፎች በእንጨቱ አልፈው ብቅ ብለዋል። በጣታቸው ዳሰሷቸው። ከውስጥ መቀርቀሪያ ተመቶበታል ማለት ነው።

«ያ ክፍል ምንድን ነው?» አሏት ልጃቸውን፣ እንደ ዋዛ።

«ዕቃ ቤት ነው» አለች ፊቷን ሳታዞር።

ማታ ራት ላይ፣ እሷ ውሃ ልታመጣ ስትነሣ፣ ያንኑ ጥያቄ ለአማቻቸው ወረወሩት። «ያ ክፍል ምንዎ ነው?»

«ማረፊያ ነበር አባባ» አለ፤ ከዚያ ወደ ማዕድ ቤቱ ሰረቅ አድርጎ አይቶ ድምፁን ቀነሰ። «ለጊዜው ግን አይሆንም።»

አንድ በር፣ ሁለት መልስ። ጋሽ ማነው ሌላ ምን ይፈልጋሉ? ደግሞስ ከውስጥ የሚቀረቀር ዕቃ ቤት የት አገር አለ? ዕቃ ተነሥቶ ራሱ ላይ ይቀረቅራል እንዴ?

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የጥበቃ ሆኑ። እኩለ ቀን ላይ ከተማው በሙሉ እንደሞተ ይተኛል። ልጅቱም ከምትሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ተመልሳ ጋደም ትላለች። አማቻቸው ግን ልክ በዚያ ሰዓት ይወጣል፣ ሲመለስ ሸሚዙ እርጥብ ነው፣ እጁ ቀዝቃዛ ነው። ከመውጣቱ በፊት ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ሄዶ በተዘጋው በር ላይ መዳፉን ዘርግቶ ያሳርፋል፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው። ጋሽ ማነው ሶፋው ላይ በግማሽ ዓይናቸው ያዩታል። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜ የተከደነ አንድ ሳህን አለ፤ «ለማን ነው?» ሲሏት «ማታ አምሽቶ ሲመጣ ይበላዋል» ትላለች። አንዳንዴም ከዚያ ክፍል «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ልጅቱን ቢጠይቋት «ነፋስ ነው» አለች። በዚያ ወበቅ ውስጥ ነፋስ የሚባል ነገር ፊታቸውን ነክቶት አያውቅም።

አንድ ጠዋት ባልና ሚስቱ ከኮሪደሩ መጨረሻ ቆመው ሲንሾካሾኩ ሰሙ። የተኙ መስለው ጆሯቸውን አቀኑ።

«አሁንም ጠጥቷል» አለ አማቻቸው።

«ብዙ?»

«እስከ አናቱ። ትናንት በትከሻዬ ብገፋው ንቅንቅ አላለም።»

«ተወው በቃ፣ አትታገለው። ትንሽ ሲቆይ ይለቀዋል። ብቻ አባዬ እንዳይሰማ።»

ጋሽ ማነው ሶፋው ላይ ደረቁ። ነገሩ ሁሉ ፈትል ሆኖ ተተረተረላቸው። ሰው አለ! ሰካራም አለ! ወንድሙ ይሆናል፣ ወይም ከሕግ ያመለጠ ጓደኛው፤ ጠጥቶ ጠጥቶ የሚወድቅ፣ ከውስጥ ቀርቅሮ የሚተኛ፣ የተከደነ ሳህን የሚቀርብለት። አማቼ ለእኔ የሚያሳየኝ ሳቁን ነው፤ ውሃም ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ለዚህ ነው የከሳችው። ለዚህ ነው አትምጣ ያለችኝ። ልጄን የሰካራም አገልጋይ አድርጓታል! ብለው ሲያስቡ ንዴቱ ከሙቀቱ ብሶ አፈናቸው። አንድ ነገር ግን ይጎድላቸዋል፤ በዓይን ማየት። ሳያዩ ቢናገሩ ልጅቱ ትክዳቸዋለች።

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ አማቻቸው ወጥቶ ልጅቱ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ ጋሽ ማነው ዕድሜ ልካቸውን ያላደረጉትን ሊያደርጉ ተነሡ። ባለቤቱ ያልቆመበትን በር ሊከፍቱ ነው። «ለልጄ ነው» አሉ ለራሳቸው። ጫማቸውን አውልቀው፣ ቦርሳቸውን ታቅፈው፣ በእግር ጣታቸው ሄደው ከበሩ ፊት ተንበረከኩ። ያ ታሞ የነበረው ጉልበት በዚያን ሰዓት ምንም አላለም።

የነሐሱ ቁልፍ አስቸገራቸው። ላቡ ዓይናቸው ውስጥ እየገባ፣ በሽቦና በቀጭን ሞረድ ጫፍ እየፈለጉ፣ እየሳቱ፣ ደግሞ እየፈለጉ ቆዩና መጨረሻው ላይ «ጠቅ» አለ። ተነሥተው እጀታውን ጫን አድርገው ገፉ።

በሩ አልተነቃነቀም።

ትከሻቸውን ሰጡት። ከላይም ከታችም ንቅንቅ የለም። እንግዲህ በጋሽ ማነው አገር፣ በዚያ ደረቅ አየር ውስጥ፣ አንድ የማይሳሳት ነገር አለ፦ ቁልፉ ተከፍቶ በሩ ካልተከፈተ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ከውስጥ የሚቀረቅር ደግሞ ሰው ብቻ ነው። ይህን እያሰቡ ሳለ ከውስጥ «ቋ» አለ። አፋቸውን ወደ ቁልፉ ቀዳዳ አስጠጉ።

«ማነው?» አሉ።

በሩን በመዳፋቸው መቱ።

«ማነው እላለሁ! አውቄብዎታለሁ፣ ቢወጡ ይሻልዎታል!»

«አባዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

ልጅቱ ከኋላቸው በባዶ እግሯ ቆማለች። በሩን አየች፣ የተከፈተውን ቁልፍ አየች፣ ወለሉ ላይ የተዘረገፈውን ሞረድና ሽቦ አየች። ጋሽ ማነው ግን ማፈር የሚባል ነገር በዚያን ሰዓት አልመጣላቸውም።

«ልብስሽን ሰብስቢ፣ ዛሬውኑ እንሄዳለን» አሉ። «እኔን ሸውዳችሁ ሰካራም ትደብቃላችሁ? ወንድሙ ነው? በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ጠጥቷል ስትባባሉ! እስከ አናቱ ጠጥቷል!»

ልጅቱ አፏን ይዛ ቆየች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች።

«በሩ ነው የጠጣው አባዬ!» አለች። «በሩ! እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጦ መቃኑ ውስጥ ተጣብቋል። እዚህ አገር በወበቅ በር ከተዘጋ በቃ፣ ደረቁ ነፋስ እስኪመጣ አይከፈትም። በር አትዝጋ አትዝጋ እያልኩ የምጮኸው ለምን መሰለህ?»

ጋሽ ማነው በሩን በመዳፋቸው ነኩት። እርጥብ ነው። ጫፉ ላይ ቀለሙ ተጨማዶ ከመቃኑ ጋር ተነካክሷል። ይህን ያህል ዘመን በር ሲነኩ ኖረው እንጨት ይጠጣል ብሎ የነገራቸው የለም። ቢሆንም እጅ አልሰጡም።

«እሺ፣ በሩ ጠጣ። መቀርቀሪያውስ? ለዕቃ ቤት ከውስጥ መቀርቀሪያ የሚመታ ማነው? ይሄን የመሰለ ቁልፍ ለዕቃ ቤት የሚያስገባ ማነው? እዚህ ክፍል የሚኖረው ማነው?»

የልጅቱ ሳቅ ቆመ።

«ማነው ትላለህ?» አለች። «አንተ ነህ።»

ጋሽ ማነው አልገባቸውም።

«ለሠርጌ ትመጣለህ ብለን ያዘጋጀንልህ ክፍል ነው። አባቴ መቀርቀሪያ በሌለው በር ውስጥ እንቅልፍ አይወስደውም ብዬ መቀርቀሪያውን እኔ አስመታሁ። እሱ ደግሞ አባባ ተራ ቁልፍ ካዩ ይንቁናል ብሎ ከተማውን ሲያስስ ሰንብቶ ይሄንን አመጣ። ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ አልክ።» እንባዋ እየወረደ ነበር፤ አልጠረገችውም። «የዚያኑ ቀን ቆለፍኩት። አባቴ ያልተኛበት አልጋ ላይ ማንም አይተኛም አልኩ። እሱ እንክፈተው፣ አባባ ሶፋ ላይ ሊያድሩ አይገባም እያለ ቁልፉን ከፍቶ ሲገፋ ሰነበተ፤ እኔ መልሼ እቆልፈዋለሁ። አትንገረው ያልኩት እኔ ነኝ። ያኔ ያልመጣህበትን አሁን ልለምንህ?»

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉ።

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

ጋሽ ማነው ወለሉ ላይ ያለውን ሞረድ አንሥተው ወደ ቦርሳው መለሱት፣ መልሰው አወጡት። 

«ልትወስደኝ ነው የመጣኸው?» አለች።

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«እኔ ልታየኝ መስሎኝ ነበር» አለች።

ጋሽ ማነው በሕይወታቸው ብዙ በር ተዘግቶባቸው ያውቃል፤ የዚያን ዕለት ግን የገዛ ደረታቸው የተዘጋባቸው መሰላቸው። አፈሩ። እንደ ልጅ አፈሩ፤ አንገታቸውን ደፍተው እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ከልጃቸው አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ላብ ይሁን ሌላ ነገር ከአገጫቸው ኮታቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

አማቻቸው ያን ቀን ቀደም ብሎ ሲመለስ እንደዚያው ተቀምጠው አገኛቸው። የተከፈተውን ቁልፍ አየ። ማን እንደከፈተው መጠየቅ አላስፈለገውም፤ እንዲህ ያለ ቁልፍ ሳይጭር የሚከፍት እጅ በዚያ ቤት አንድ ብቻ ነው። ሊቆጣ ይችል ነበር፤ ቤቱ ነው። እሱ ግን እርጥብ ሸሚዙን እንደለበሰ ከጓሮ መላጊያና የእንጨት ሽብልቅ ይዞ መጣ።

«አባባ፣ የእርስዎን ድርሻ ጨርሰዋል» አለ። «የቀረው የጉልበት ነው። ጉልበትዎን ካላመመዎት ከላይ እርስዎ ይግፉ፣ ከታች እኔ እገፋለሁ።»

ነገሩ ቀልድ ነው፤ የሠርጉን ጊዜ የጉልበት ሕመምም አብሮ ያነሣል። ጋሽ ማነው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ተነሡ። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ቆሙ፤ የልጁ ቀዝቃዛ እጅጌ አንገታቸውን ነካቸው፣ በዚያ ሙቀት ደስ ይላል። ሽብልቁን መትተው፣ ገፍተው፣ ተንፍሰው ደግሞ ገፉ። በሩ ጮኸ፣ ተንቋቋ፣ በመጨረሻ እየተፋቀ ተከፈተ።

የሻጋታ ሽታ ወጣ። አልጋው ተነጥፏል፤ አንሶላው ወይቧል። የመስኮቱ መዝጊያ ማንጠልጠያው ወልቆ ከባሕሩ በኩል ትንሽ ሽው ባለ ቁጥር «ቋ» ይላል። ከመስኮቱ ሥር አንዲት ትንሽ የሥራ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ሲሞርዱ ቁልፍ የሚይዝ የብረት ሞርሳ ታስሯል፤ የባሕሩ ጨው በልቶት ዝጓል። ልጅቱ አባቴ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይችልም ብላ ነው ያዘጋጀችው። ከሞርሳው በላይ ሚስማር ላይ አንድ እስር ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጋሽ ማነው ቀረብ ብለው አዩት። ሁሉም ቁልፎች አንድ ዓይነት ናቸው። ጥርሳቸው ላይ ያለው የሞረድ አጣጣል የገዛ እጃቸው ነው።

«በሠርጉ ቀን እንዲስቁ ብዬ ነበር የሰቀልኳቸው» አለ አማቻቸው ራሱን እያከከ።

ጋሽ ማነው እስሩን አወረዱና በመዳፋቸው መዘኑት። ስንት ጊዜ ሊጠይቁት ሲሉ የተውት ጥያቄ አሁን መጣ። «ለመሆኑ ሣጥኑ የማን ነበር?»

ባልና ሚስቱ ተያዩ።

«ሣጥን የለም አባባ» አለ ልጁ። «ቁልፉን መንገድ ላይ ወድቆ ነው ያገኘሁት።»

«አላልኩም!» ብለው ጮኹ ጋሽ ማነው። «ሣጥኑ የሱ አይደለም አላልኩም!» ከዚያ ራሳቸው ቀድመው ሳቁ፤ ሳቃቸው ዝጎ ስለነበር ሳል መሰለ፤ ልጅቱም እያለቀሰች አብራ ሳቀች።

በማግስቱ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጡት፣ ግድግዳውን አጠቡት፣ አማቻቸው የበሩን ጫፍ ላገው። ጋሽ ማነው ሞርሳውን በዘይት አርሰው ዝገቱን ሲፈትጉ ዋሉ። ስለ መሄድ ማንም አላነሣም።

እኩለ ቀን ደረሰና ከተማው ተኛ። ጋሽ ማነው ኮታቸውን አውልቀው ሚስማሩ ላይ፣ ከቁልፎቹ አጠገብ ሰቀሉት። ከመጡ ወዲህ ማውለቃቸው መጀመሪያው ነው። አልጋው ላይ ጋደም አሉ። ከትራሳቸው ሆነው በሩ ይታያቸዋል፤ ነሐሱ ተወልውሏል፣ መቀርቀሪያው ዘይት ጠጥቷል። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ያለ በር ሳይዘጉ ተኝተው አያውቁም።

አማቻቸው ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል በኮሪደሩ አለፈ። አማቱ ዓይናቸውን ሳይከድኑ በሩን ሲያዩ አያቸው። ነገሩ የገባው መሰለው፤ ተመልሶ መጥቶ የበሩን ጫፍ ያዘ።

«ልዝጋልዎት አባባ? አሁን ተልጓል፤ ቢጠጣም ማታ ስመለስ በትከሻዬ እከፍተዋለሁ።»

 ማዕድ ቤት ልጅቱ ሳህን እያጠበች ነው።

«አትዝጋው» አሉ ጋሽ ማነው። «ክፍቱን ተወው። አንተም አትቆይ፤ ቶሎ ና።»

ልጁ በሩን እንደያዘ ቆመ። ማዕድ ቤት ልጅቱ በደንብ ለመስማት ቧንቧውን ዘጋች።

«እሺ አባባ» አለ ልጁ።